ወላጅ እናት ትቅረብ

የቀበሌው መዝጋቢ የልደት ወረቀት ማመልከቻዬን ገረፍ ገረፍ አድርጎ አየና መልሶ ሰጠኝ። «ወላጅ እናት ትቅረብ» አለኝ። አባቴ በሕይወት እንደሌለ፣ እናቴ ግን እዚሁ መካነ ሰላም ከገበያው በላይ እንደምትኖር ነገርኩት። «እሱማ ጥሩ ነው። ከሦስት ምስክር ጋር ትምጣና እኔ ነኝ የወለድኳት ትበል። በቃ» አለ። ለእሱ ቀላል ነው። ለእኔ ግን አይደለም። እናቴ በዕድሜዋ ሙሉ ያልተናገረችው አንድ ነገር ቢኖር ይኸው ነው።

በእኛ አገር ልጅ የማይበረክትላት ሴት ሾተላይ አለባት ይባላል። ሾተላይ መልክ የለውም፣ ጆሮ ግን አለው። ከእናትየዋ ጋር አንድ ቤት ይኖራል፣ ልጄ ያለችውን ሁሉ ሰምቶ ይወስዳል። እናቴ ከእኔ በፊት አራት ወልዳለች። የመጀመሪያው መሄድ ጀምሮ ሳለ ኩፍኝ ወሰደው። ሦስቱ ግን ከተወለዱ ሳምንት እንኳ ሳይሞላቸው ቢጫ እየሆኑ ሄዱ። ክርስትና ስላልተነሡ ፍትሐት አልተደረገላቸውም፣ ለቅሶ የተቀመጠላቸውም የለም። ከጓሯችን ጫፍ፣ ከወይራው ሥር ነው ያሉት።

እኔ የተወለድኩ ዕለት እናቴ ሾተላዩን ልታታልለው ቆረጠች። ገና እትብቴ እንደተቆረጠ በፊት ለፊቱ በር ሳይሆን በጓሮ በር አስወጥተው ለጎረቤታችን ሸጡኝ። ጎረቤታችን እስላም ናት፣ የእናቴ የልብ ወዳጅ። ዋጋዬ አንድ እፍኝ ጨው ነበር። እናቴ ከተኛችበት ሆና ግድግዳው እስኪሰማ «እኔ አልወለድኩም! የጎረቤቴ ልጅ ናት!» ብላ ጮኸች አሉ። ከዚያ ጎረቤታችን በፊት ለፊቱ በር ይዛኝ ገባችና «ይቺን ልጄን አጥቢልኝ፣ እኔ ወተት የለኝም» አለቻት። እንዲህ ነው ወደ ገዛ እናቴ ቤት በእንግድነት የገባሁት።

ስለዚህ ጎረቤታችንን እማ እላታለሁ። እናቴን እትዬ እላታለሁ፣ ያውም በአንቱታ። ክርስትና ስነሣ እናቴ ቤት ቀረች፤ እማ ግን እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር በር ሸኝታኝ እዚያው ቆማ ጠበቀችኝ። ያደግሁት በእናቴ ጡት፣ በእናቴ ቤት ነው። አንድም ቀን ግን ልጄ ብላኝ አታውቅም። «አንቺ ልጅ» ነው የምትለኝ። ሰው ስለ ልጅ ሲጠይቃት ወደ ጓሮ በር ዞር ትልና «የለኝም» ትላለች፣ እኔ እዚያው አጠገቧ ተቀምጬ። ይሄ ያንገበግበኝ ነበር። ስድብ እንኳ ቢሆን ልጄ ብላ ትስደበኝ ብዬ የተመኘሁበት ጊዜ አለ።

ደግሞ የማልወደው ልማድ ነበራት። ክረምት ጉሙ ወርዶ ከተማውን ሲውጠው፣ ብርዱ ሲበረታ፣ የታጠፈ ጋቢ ይዛ ወደ ጓሮ በር ትሄዳለች። በሩን ገርበብ አድርጋ ትቆማለች። ከዚያ ጋቢውን እንደያዘች ትመለሳለች። ምን እንደምታደርግ አልጠየቅኋትም። እኔም ልብስ ማስጣት ካለብኝ ከወይራው በወዲህ ነው የማሰጣው።

ዛሬ የሁለተኛ ደረጃ የባዮሎጂ መምህርት ነኝ። ማመልከቻውን ባስገባሁበት ሰሞን ለትምህርት ወደ ውጭ እንድሄድ ተፈቅዶልኝ ነበር። ፓስፖርት ለማውጣት ደሴ መሄድ አለብኝ፤ ለዚያ የልደት ምስክር ወረቀት ያስፈልጋል፤ ወረቀቱ ደግሞ ከቀበሌ ከወጣ በኋላ ክልል ሄዶ መረጋገጥ አለበት። ይህ ሁሉ መንገድ የሚጀምረው ከእናቴ አንድ ቃል ነበር።

ማታ ስነግራት ምስር እየለቀመች ነበር። እጇ ቆመ።

«አልልም» አለች።

«እትዬ፣ ወረቀት ብቻ እኮ ነው።»

«ይሰማል። እስካሁን ያቆየሁሽን ለወረቀት ብዬ በአፌ አልሰጥሽም።»

እማ ነገሩን ሰምታ በማግስቱ መጣች። «ያረቢ፣ ይሄ ምን ያጨቃጭቃል? እኔ ወለድኳት ብዬ እፈርማለሁ። ገዝቼሽ የለም እንዴ!» አለች።

«እማ፣ በሐሰት መፈረም ያሳስራል።»

«አብሽሪ፣ ስንቅ ታመላልሺልኛለሽ። ያን ሁሉ ጨው አውጥቼብሽ!»

እየሳቅሁ አለቀስኩ። እናቴ አልሳቀችም። ቀኑ እየሄደ ነው፣ የተሰጠኝ ጊዜ እያለቀ ነው። በመጨረሻ አንድ ማታ እማ ባለችበት ትዕግሥቴ አለቀና ለተማሪዎቼ የማስተምረውን ምስር ለምትለቅመው እናቴ አስተማርኳት። ለዓመታት በአፌ ላይ የነበረ ነገር ነው፤ ለእሷ ለመናገር ግን ደፍሬ አላውቅም ነበር።

«እትዬ፣ ሾተላይ የሚባል የለም። የደም ነገር ነው። የአንቱ ደምና የእነዚያ ሕፃናት ደም አልተስማማም፣ ደማቸው ወደ አባቴ ያደላ ነው። የኔ ደም ግን ልክ እንደ አንቱ ነው፣ ተመርምሬ አውቄዋለሁ። የተረፍኩት በጨው ስለተሸጥኩ አይደለም። የተረፍኩት የአንቱ ስለሆንኩ ነው።»

ደስ ይላታል ብዬ ነበር። እውነቴን ነው፣ የምሥራች የነገርኳት መስሎኝ ነበር። እናቴ ግን የምስሩን ሰፌድ መሬት አስቀመጠች። ከዚያ እኔን ሳታይ ጠየቀችኝ።

«እነዚያ ታዲያ የማን ነበሩ?»

እማ ፊቷን በሻሿ ጫፍ ሸፈነች። እናቴ ተነሥታ ወደ ጓሮ ወጣች፤ በሩንም ከኋላዋ ዘጋችው። ለመጀመሪያ ጊዜ በዚያ በር ወጥታ ስትቀር አየሁ። ብርድ ይመታታል ብዬ ልከተላት ስል እማ እጄን ያዘችኝ። «ተያት። ከልጆቿ ጋር ናት» አለችኝ። ከቀልደኛዋ እማ አፍ እንዲህ ያለ ነገር ስሰማ ከበሩ ራቅሁ።

ጠዋት ስነሣ እናቴ ነጭ ቀሚሷን ለብሳ፣ ነጠላዋን አጣፍታ፣ መታወቂያዋን በመሐረብ ቋጥራ ደጃፍ ላይ ቆማለች። «ተነሽ እንሂድ» አለች።

ጽሕፈት ቤቱ ሞልቶ ነበር። እማ አንዷ ምስክር ነበረች፤ ሌሎቹ ሁለቱ በዕድሜ የገፉ ጎረቤቶቻችን ናቸው። ተራችን ሲደርስ መዝጋቢው ለእናቴ ወንበር ሰጣትና እንደ ደንቡ ጠየቃት።

«እናቴ፣ ይቺን ልጅ የወለዷት እርስዎ ነዎት?»

እናቴ መጀመሪያ ወደ በሩ አየች። ከዚያ ወደ መስኮቱ። ውጭ ጉም ብቻ ነበር። እማ ከጎኔ ሆና በሹክሹክታ ቢስሚላህ ስትል ሰማኋት። እኔ የባዮሎጂ መምህርቷ፣ በደም ዓይነት የማምነው፣ ፍርሃት ያዘኝ። አይበሉ ልላት ምንም አልቀረኝም።

«እኔ ነኝ። ወልጃታለሁ» አለች እናቴ። ድምፅዋ ክፍሉን ሞላው።

መዝጋቢው ጻፈ። «ስንተኛ ልጅዎ ናት?»

«አምስተኛ።»

ጻፈ። ፎቶዬን ለጠፈ፣ ምስክሮቹን አስፈረመ፣ ማኅተሙን መታ። «ጨርሰናል እናቴ፣ እግዜር ይስጥልኝ» አለ። እኛ ሁላችን ተነሣን። እናቴ አልተነሣችም።

«ቀጥል እንጂ። አራት ይቀራሉ» አለችው።

መዝጋቢው ወደ እኔ አየ። እኔ መሬት መሬቱን አየሁ። እናቴ ከመጀመሪያው ጀምራ ስማቸውን ትጠራ ጀመር። ለሦስቱም ስም እንዳወጣችላቸው አላውቅም ነበር፤ ያለ ቄስ፣ ያለ ክርስትና፣ ብቻዋን ያወጣችላቸው ስም። ያ ሁሉ ዓመት በጓሮው በር ቆማ በምን እየጠራቻቸው እንደነበር ያን ጊዜ ገባኝ። ስሞቹን እዚህ አልጽፋቸውም፣ የሷ ናቸው።

«እናቴ» አለ መዝጋቢው፣ በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ለሌሉ ሰዎች እንዲህ አይጻፍም።»

«ይቺንስ የለችም እያልኩ አይደል ያኖርኳት? ወለድኳት ስልህ ጻፍክላት። እነሱንም ወልጃለሁ።»

ወረፋ የያዙት ሰዎች አንገታቸውን ደፉ። መዝጋቢው ብዕሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ፊቱን በእጁ አበሰ። በመጨረሻ እማ የእናቴን ክንድ ደግፋ አስነሣቻት፣ «ተጽፈዋል እህቴ፣ አላህ ጽፏቸዋል» እያለች። እናቴ አመነቻት ወይስ ደከማት፣ አላውቅም።

ወደ ቤት ስንመለስ ጉሙ አልተነሣም ነበር። ወረቀቱን ደረቴ ውስጥ ሸጉጬ ቀድሜ እሄዳለሁ። የእናቴ ስም ከስሜ ጋር በአንድ ወረቀት ላይ ተጽፏል፣ የመንግሥት ማኅተም አርፎበታል። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። እኔ ግን በየመሐሉ ወደ ኋላ እየዞርኩ የሚከተለን ይኖር እንደሆነ አያለሁ። ግንባሬን እየዳሰስኩ ትኩሳት ይኖረኝ እንደሆነ እሞክራለሁ።

ከቤታችን አጥር ስንደርስ ከኋላዬ የእናቴ ድምፅ መጣ።

«ልጄ!»

ዕድሜዬን ሙሉ የጠበቅኋት ቃል ናት። ዞር አልኩ። እናቴ ቆማለች፤ ወደ እኔ ግን አታይም። የምታየው በአጥሩ ላይ አሻግራ፣ ወይራው ወዳለበት ወደ ጓሮው ነበር።

ማናችንን እንደጠራች አላወቅሁም። ከዚያ ወገን መልስ እንዳይመጣ ፈርቼ ቶሎ ብዬ «አቤት» አልኩ።