ዕቃው ሲጾም

«በጥሬዋ ያወረድሻትን ልጅ ያበሰልኳት እኔ ነኝ!»

ይህን ያሉኝ አማቴ ናቸው፤ ባለፈው እሑድ፣ የባሌ ወንድም ልጁን ክርስትና ያስነሣ ዕለት፣ ድንኳን ሙሉ ሰው እየሰማ። ከእንግዶቹ አንዷ የልጄን አገጭ በሁለት ጣቷ ይዛ «ይቺ ያቺ የሰባት ወሯ ናት? ምነው እንዲህ ሸጋ ሆነች!» ስትል ነው አማቴ ከተቀመጡበት ጣታቸውን ወደ እኔ የቀሰሩት። ድንኳኑ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ፤ አፌ በጉርሻ ተሞልቶ ስለነበር ሌላ ምንም ማድረግ አልችልም ነበር። እዚህ ግን የሚያጎርሰኝ ስለሌለ ነገሩን ከነሥሩ እናገራለሁ።

«የሰባት ወር ልጅ» የሚባለው በእኛ አገር ለችኩል ሰው ነው። እኔ ዘጠኝ ወሬን ሞልቼ ተወልጄ ዕድሜዬን ሙሉ «ምነው፣ የሰባት ወር ልጅ ነሽ እንዴ?» ስባል ነው ያደግኩት። ፈተናው ሳያልቅ ወረቀት የምመልስ፣ ወጥ ሳይበስል የምቀምስ እኔ ነኝ። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሼ ዓመት ሳይሞላ አገባሁ፤ በሃያ ዓመቴ ወለድኩ። እውነተኛዋ የሰባት ወር ልጅ ግን ከመወለዷ በቀር በምንም ነገር አትቸኩልም ነበር። ለመጥባት አትቸኩልም፣ ለመቀመጥ አትቸኩልም፣ ጥርስ ለማውጣት አትቸኩልም፤ ኪሎ ለመጨመርማ ከናካቴው ሐሳብም አልነበራት። ስሟን ትዕግሥት ያሏት አማቴ ናቸው። ለማን መልእክት እንደሆነ አልጠየቅኩም።

ያኔ የምንኖረው ጎንደር ከተማ፣ ከአንድ ደብር አጥር ሥር፣ በአማቴ ግቢ ነበር። ባሌ ቄስ ነው፤ የሚያገለግለው ከአዲ አርቃይ ወዲያ ባለች የገጠር ቤተ ክርስቲያን ስለነበር በሁለት በሦስት ወር አንዴ ነው የሚመጣው። ስልክ ለመደወል እንኳ ጉብታ መውጣት ነበረበት። ስለዚህ ቤቱ የአማቴ፣ የእኔና የትዕግሥት ብቻ ነበር።

ልጅቱን አዝዬ ከግቢ በወጣሁ ቁጥር መንገደኛው ሁሉ ሐኪም ይሆንብኛል። «ጡትሽ ውሃ ሆኖ ነው።» «የሰው ዓይን ነው፤ ሸፍኛት እንጂ።» «ጸበል ወስደሻታል?» አንድ ቀን ከማራኪ ሰፈር ስመለስ ሚኒባስ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠች፣ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ ያደረገች ሴት «ስንት ወሯ ነው?» አለችኝ።

«ዓመት ከአምስት ወር።»

«ውይ! የእኔ በስድስት ወሩ ይበልጣት ነበር። አታበያትም እንዴ?»

«አበላታለሁ። ለአንቺ ልጅ እያቀበለችው ይሆናል» አልኳትና መኪናው በቅጡ ሳይቆም ወረድኩ። የቀረውን መንገድ በእግሬ ጨረስኩት፤ ንዴቴ ግን እስከ ማግስቱ አልበረደም።

ጤና ጣቢያ የምትመዝናት ሲስተር ቁጡ ብትሆንም ቁም ነገረኛ ነበረች። ሚዛኑ ከላይ የተንጠለጠለ ነው፤ ልጅ እንደ ቁምጣ በተሰፋ ጨርቅ ውስጥ እግሩ ገብቶ ይሰቀላል። ሌሎቹ ልጆች ጩኸታቸው ለጉድ ነው። ትዕግሥት አታለቅስም። ዝም ብላ የሚዛኑን መርፌ ታያለች፤ መርፌውም እሷን ያያል፤ ሁለቱም አይንቀሳቀሱም።

«ስሚ» አለችኝ ሲስተሯ፤ «ከዕድሜዋ ላይ ሁለት ወር ቀንሺ፤ ቀድማ የመጣችበትን። ከጎረቤት ልጅ ጋር አታወዳድሪያት፤ ከራሷ ጋር አወዳድሪያት።» ከዚያ ካርዱን አዙራ አሳየችኝ። የእሷ መስመር ከሌሎቹ መስመሮች ዝቅ ብሎ፣ ግን አብሯቸው ሽቅብ ይወጣ ነበር። ከገና ወዲህ ተኝቷል። ሰባት ኪሎ ከሁለት መቶ፤ በወሩም ሰባት ኪሎ ከሁለት መቶ። «ይኼ ነው ያልወደድኩት። ገንፎዋ ላይ ዘይት ጨምሪ፤ በቀን አንድ እንቁላል፤ ወተት። ትንሽ ትንሽ፣ ቶሎ ቶሎ። በወሩ ካልጨመረች ሆስፒታል ተኝታ ትታከማለች።»

ሆስፒታሉን አውቀዋለሁ። ስትወለድ አምስት ሳምንት እዚያ ነበርን። ደረቴ ላይ ታስራ፣ ገላዋ ከገላዬ ተጣብቆ፣ ስበላም ስተኛም እንደዚያው። ከእኔ ጋር አራት እናቶች ነበሩ። ሁለቱ ባዶ እጃቸውን ወጡ። አንደኛዋ ስትወጣ ነጠላዋን ልጅ እንዳዘለች ሴት ጀርባዋ ላይ አስራው ነበር፤ ማንም ፍቺው ሊላት አልደፈረም። ወደዚያ ክፍል ልጄን ይዤ አልመለስም አልኩ። ከዚህ በኋላ የሠራሁትን ብልግና ሁሉ በዚህ ተርጉሙልኝ።

ይህ የሆነው ዐቢይ ጾም በገባ በሁለተኛው ሳምንት ነው። ሃምሳ አምስት ቀን ሥጋ የለም፣ ወተት የለም፣ እንቁላል የለም። ፀሐዩ አናት ይበሳል፤ ቧንቧው ሲፈልግ በሳምንት አንዴ ይመጣል፤ ጀሪካን ተሰልፎ ይውላል። ቤት እንደገባሁ «እማማ፣ ሲስተሯ እንቁላል ስጫት ብላኛለች» አልኩ።

«እሰይ፣ ስጫት። ሕፃን ምን ጾም አለባት!» አሉ አማቴ።

ደስ ብሎኝ ድስት ሳነሣ እጄን ለቀም አደረጉት።

«ምን ልታደርጊ ነው?»

«እንቁላል ልቀቅል።»

«በእኔ ድስት?»

«ታዲያ በማን ድስት፣ እማማ?»

«አይ ልጄ! ልጅቷ አትጾምም፤ ዕቃዬ ግን ይጾማል።»

የማያውቅ ሰው ይስቅ ይሆናል። በእኛ ቤት ጾሙ ሊገባ ሲል ድስቱ፣ ጭልፋው፣ ሳሕኑ በአመድ ተፈትጎ ይታጠባል፤ ከዚያ ወዲያ ፍስክ የነካው ዕቃ ተገደፈ ማለት ነው፤ በእሱ የሚበላ ሁሉ ጾሙን አጠፋ ማለት ነው። እኔም እጾማለሁ፤ ሥርዓቱን አልጠላም። ግን እንቁላሉ የሚቀቀለው ከነቅርፊቱ ነው። ይህንኑ ብላቸው «ቅርፊቱንስ ማን ወለደው? ዶሮ አይደለችም?» አሉኝ።

በሳምንቱ የንስሐ አባታችን ሊጠይቁን መጡ። ሳይቀመጡ ጀመርኳቸው፦ «አባ፣ ለዚች ልጅ እንቁላል ብቀቅልላት ኃጢአት ነው?»

«የምን ኃጢአት! እስከ ሰባት ዓመቷ ማን ጹሚ አላት?»

«እሷ አትጹም አባ፤ እኔ ስለ ዕቃዬ ነው» አሉ አማቴ።

«ዕቃ ታጥቦ ይጠራል፣ ልጄ። ሕፃን ከሚጎዳ ድስት ቢታጠብ አይሻልም?»

አማቴ አንገታቸውን ደፍተው መስቀል ተሳለሙ። ሸኝተዋቸው ሲመለሱ ግን «እሳቸው ድስት አጥበው ያውቃሉ?» ብለው በሩን ዘጉ። ነገሩ በዚሁ አለቀ።

ገበያ ወርጄ ከሁለት እንቁላል በላይ የማትይዝ ብረት ድስት ገዛሁ፤ ማንኪያና ኩባያም ጨመርኩ። የእነዚህ ዕቃዎች ቦታ ከቤት ውጭ፣ ከሽንት ቤቱ ግድግዳ አጠገብ፣ አንድ ምስማር ላይ ሆነ። የከሰል ምድጃው ለብቻ፣ የማጠቢያው ጨርቅ ለብቻ፣ ውሃው ለብቻ። ወተት በነካሁበት እጅ የሊጥ ዕቃ መንካት የለም። አማቴ ድስቷን በስሟ ጠርተዋት አያውቁም፤ «ያቺ» ነበር የሚሏት። «ያቺን ከነፋሱ ዞር አድርጊያት፤ ሽታው ወደ ሽሮዬ እየመጣ ነው።» አንድ ቀን የጎረቤት ድመት «ያቺን» ልሳ ወደ ማጀት ስትሮጥ አማቴ መጥረጊያ ይዘው ተከተሏት። «ያዢያት! ገድፋለች! እንጀራዬ ላይ ትወጣለች!» እያሉ። ድመቷን ያዝኳት። አፏን በሳሙና እንዳጥብላት ሊያዙኝ ነው ብዬ ስጠብቅ «ተያት፣ እሷም የእግዜር ፍጥረት ናት» ብለው ትንፋሻቸውን ለመሰብሰብ መደብ ላይ ተቀመጡ።

የባሰው ግን ማብላቱ ነበር። ትዕግሥት የእንቁላል ቁራጭ ትጎርስና ጉንጯ ውስጥ ታስቀምጠዋለች። አታኝክም፣ አትተፋም። ቁጭ ብላ ታየኛለች። ግማሽ እንቁላል ለመጨረስ ፀሐዩ ከአንዱ ግድግዳ ወደ ሌላው ይሻገራል። እኔ እግሬ ይቁነጠነጣል፤ «ዋጪው እንጂ! ዋጪው!» እላለሁ፤ እሷ እንደ ሽማግሌ ቀስ ብላ ታስባለች። በዚህ ላይ ሐቁን ልናገር፦ ገንፎዋን ያገነፉላት የነበሩት አማቴ ናቸው። ሰሊጥ ወቅጠው፣ ዘይት ጨምረው፣ ቀን ከአራት ጊዜ በላይ በጣታቸው ጫፍ ያልሷት ነበር፤ አንድም ቀን ዋጪ ሲሏት አልሰማሁም። ይህንን የምመሰክረው እሑድ ዕለት ድንኳን ውስጥ ቢሉኝም ባይሉኝም ነው።

ወሩ ደረሰ፤ ለሆሳዕና ሁለት ቀን ሲቀረው ጤና ጣቢያ ሄድን። ትዕግሥት ተሰቀለች። መርፌውን አየችው። መርፌው ወዛወዝ አለና ሰባት ተኩል ላይ ቆመ።

ሲስተሯ እንደገና ሰቀለቻት። ሰባት ተኩል። ካርዱ ላይ ነጥብ አድርጋ መስመሩን ሳበችው፤ ሽቅብ። የነጠላዬን ጫፍ ወደ ዓይኔ ወሰድኩ። «እንዳታለቅሺብኝ፤ ሰልፍ አለ» አለችኝ። «ደግሞ እንዳታቋርጪ። እንዲህ ያሉ ልጆች ትርፍ የላቸውም፤ ሳምንት ከቀረባቸው የወሩን ይመልሱታል። በሁለት ሳምንት አምጪያት።»

ቤት ደርሼ ስነግራቸው አማቴ እልል ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ፤ ጾም መሆኑ ትዝ ሲላቸው በነጠላቸው ያዙት። ከዚያ «ኪሎዋን ጮክ ብለሽ አትጥሪ፤ ጎረቤት ይሰማል» አሉኝ።

ሰኞ የሕማማት መጀመሪያ ነው። ጠዋት እንቁላል ልቀቅል ስወጣ ምስማሩ ባዶ ነው።

«እማማ፣ ድስቷ የት ሄደች?»

«ቀበርኳት።»

«ምን አሉኝ?»

«አመዱ ውስጥ ቀበርኳት። ለፋሲካ ታወጫታለሽ። ሕማማት ነው፤ ከግቢዬ የፍስክ ጢስ አይወጣም። እስከ ዛሬ ችያለሁ።»

«ስድስት ቀን እኮ ነው!»

«ጌታ የተሰቀለበት ሳምንት ነው። ገንፎዋን እኔ አገነፋላታለሁ።»

«በገንፎ ብቻ ሁለት ወር ሙሉ አልጨመረችም! ሲስተሯ ያለችውን ነግሬዎታለሁ!»

«ሲስተሯ ምጽዓት አታስቀር» አሉና ወደ ስግደታቸው ተመለሱ።

ለባሌ ደወልኩ። አይሰማም። በሦስተኛው ተሰማ፤ ነፋስ አብሮት ይጮሃል። ነገርኩት። «ስድስት ቀን ምን አላት? በርቺ፣ እናቴን አታስቀይሚያት» አለኝ።

«አንተ መዝነሃት ታውቃለህ?» አልኩት።

«ምነው አንቺ ደግሞ፣ የሰባት ወር ልጅ…» ሲል ስልኩን ዘጋሁት።

የልጅቱን ልብስና ካርዷን ቦርሳ ውስጥ ከተትኩ። እናቴ ሳንጃ ናት፤ ሰሊጥ ትነግዳለች፤ ዶሮ ታረባለች። እሷም ትጾማለች፤ ለዕቃዋ ግን አትጨነቅም። ትዕግሥትን አዘልኩና ወጣሁ። አማቴ ከስግደታቸው ቀና አሉ።

«ወዴት ነው?»

«ሳንጃ።»

«በሕማማት?»

«በሕማማት።»

የግቢውን በር ስከፍት «ቆይ!» ብለው ወደ ጓዳ ገቡ። ሲመለሱ ፌስታል በሁለት ጣታቸው አንጠልጥለው፣ ነጠላቸው እንዳይነካው ክንዳቸውን ዘርግተው መጡ። ለፋሲካው ዶሮ ወጥ ብለው ጭድ ውስጥ ያስቀመጧቸው አሥራ ሁለቱ እንቁላሎች ነበሩ።

«ቶሎ ተቀበይኝ፤ እንዳይሰበርብኝ» አሉ። «አስኳሉ እስኪደርቅ አትቀቅይው፤ ጉንጯ ውስጥ የምታስቀምጠው ደረቁን ነው።»

ተቀበልኳቸው። በሕማማት ሰው አይሳሳምም፤ ይሁዳ ጌታውን የሰጠው በመሳም ነውና። አማቴ ጀርባዬ ላይ ወዳለችው ልጅ ጎንበስ አሉ፤ ስንዝር ሲቀራቸው ቆሙና ፊቷ ላይ እፍ አሉባት።

ፌስታሉን ደረቴ ላይ ታቅፌ፣ የሳንጃ መኪና ወደሚቆምበት ወረድኩ።