ዕድር ያልወጣለት ወንድሜ

ወንድሜ በራሱ እጅ ሲሞት ዕድራችን አልቀበረውም። ጡሩምባ አልተነፋም፣ ድንኳን አልተተከለም። ከሁለት ዘመዶቼ ጋር ወስደን ቀበርነው። ለዚያ ዕድር ፊደል ሳልቆጥር በአውራ ጣቴ ፈርሜ የገባሁ፣ የስንቱን ቤት ሬሳ የተሸከምኩ ሰው ነኝ።

የዕድሩ ዳኛ ቦንጋ ገበያ ላይ ጨው የሚቸረችሩ ሽማግሌ ነበሩ። «ደንብ ነው። ነፍሱን ለናቀ ዕድር አይወጣም» አሉኝ። በቃ፣ ይኸው ነው።

እናቴ ጥቁሯን አላወልቅም አለች። «ሰው መጥቶ ሳያለቅስልኝ ልጄ ሞተ ብዬ እንዴት ልመን?» ትለኛለች። እኔ ምን ልበላት? ዓመት አለፈ፣ ሌላም ተጨመረ። እንቅልፍ አጣች። እሷንም እንዳላጣ ፈርቼ ሆስፒታል ወሰድኳት።

የአእምሮ ሕክምና ነርሷ ልጅ እግር ናት። የወንድሜን ነገር ጠየቀችኝ፤ ነገርኳት። ከመሞቱ በፊት ለወራት እንቅልፍ አልነበረውም። ቡናው ቀልቶ እያየው አይለቅምም። ሰፈሩ «ሰነፈ» ይለዋል። የእናቴ ወንድምም በራሱ እጅ ስለሞተ ደግሞ «የዘር እርግማን ነው» ይሉናል።

«ጋሼ፣ አንጎልም እንደ ጉበት የሰውነት ክፍል ነው፤ ይታመማል» አለችኝ። «መልእክት የሚያመላልሱ ንጥረ ነገሮች አሉት። እነሱ ሲዛቡ፣ ጭንቀት የሚቆጣጠረው ክፍሉም ሲደክም፣ ሰው መውጫ ያለው አይመስለውም።»

«ታዲያ ዘር ነዋ!»

«ከዘር የሚመጣው ተጋላጭነቱ ነው እንጂ ሞቱ አይደለም። ችግር ይጨመርበታል፣ መጠጥ ይጨመርበታል፣ ብቸኝነት ይጨመርበታል። አንድ ምክንያት ብቻ የለውም። ደግሞ ይታከማል።»

ይታከማል! ይህን የነገረን አልነበረም። ለእናቴ መድኃኒት ሰጠቻት፤ እንቅልፉ ተመለሰ። ጥቁሩ ግን እንዳለ ነው።

የዕድሩ ጠቅላላ ጉባኤ ሲጠራ ሄድኩ። ተነስቼ የሰማሁትን ተናገርኩ። ሳቁብኝ።

«የማታ ትምህርት ገባ ሲሉን ሐኪም ሆኖ ወጣ እንዴ?» አለ አንዱ።

ሳቃቸው እስኪያልቅ ቆሜ ጠበቅኩ። «ከጎጀብ ቆላ ወባ ይዞት የመጣውን ጎረቤታችንን ማን ቀበረው?» አልኩ። ሰውየው ሲቃዥ ከቤት ሮጦ ወጥቶ ወንዝ የገባ ነው። ድንኳኑን የተከልኩት እኔ ነኝ።

«እሱማ ወባዋ ጭንቅላቱ ላይ ወጥታበት ነው!» አሉ ዳኛው። «ራሱን መች ያውቅ ነበር?»

«የወንድሜ ጭንቅላት ከእንጨት ነው? ወይስ ትንኝ ያላመጣችው በሽታ በሽታ አይደለም?»

ዳኛው ጋቢያቸውን ደጋግመው አስተካከሉ። በመጨረሻ አንዲት ባልቴት ከኋላ፣ «እንግዲህ ምን ቀረን? እሱም ታሞ ነው። ተነሱ፣ ሴትዮዋን እናስተዛዝን» አሉ። እጅ ይውጣ ተባለ፤ ወጣ። በሽታ ለገደለው ሁሉ፣ የአእምሮም ቢሆን፣ ዕድር ይወጣል ተብሎ ደንቡ ተለወጠ። አመሰግናለሁ አላልኩም። ለምን እላለሁ?

ከስብሰባው በቀጥታ መጥተው ድንኳኑን ደጃችን ተከሉ። እናቴ ወጥታ መሃላቸው ተቀመጠች፤ ዳኛው ቀድመው «እግዜር ያጥናሽ» አሏት። እሪ ብላ አለቀሰች፤ አብረው አለቀሱ። የወንድሜ ለቅሶ የተለቀሰው እሑድ ግንቦት 13 ቀን 1998 ዓ.ም. ነው።