ቀይ የተቀቡት ባሕር ዛፎች

ሰበታ ውስጥ በረዳት ቀያሽነት ሥራ የጀመርኩ ዕለት አለቃዬ አቶ ግርማ የመጀመሪያ ትእዛዛቸውን ሰጡኝ። "ንብረት ክፍል ሂጂና ሰሜንን በሞዴል ሃያ ሁለት ፈርመሽ አምጪልኝ" አሉ። ሞዴል ሃያ ሁለት የዕቃ ማውጫ ቅጽ ነው። አለቃ ሲያዝ መከራከር አላውቅም ነበርና ሄድኩ። የንብረት ክፍሏ ሴትዮ ፈገግ እንኳ ሳትል መደርደሪያውን ፈትሻ "ሰሜን ትናንት አለቀ፤ ምሥራቅ ልስጥሽ?" አለችኝ።

ያኔ ገባኝ። ባዶ እጄን መመለስ ግን አልፈለግሁም። ቅጹ ላይ "ምሥራቅ፣ ብዛት አንድ፣ ያገለገለ" ብዬ ሞልቼ ወሰድኩላቸው። አቶ ግርማ አንብበው እስኪያስላቸው ሳቁና ገጀራ አቀበሉኝ። "ጫካ ስትገቢ የመጀመሪያው መሣሪያሽ ይሄ ነው። ቶታል ስቴሽን የሚሉት መለኪያ ቅጠል አልፎ አያይም።" ይሄኛው ቀልድ አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ ሰበታም፣ ቡራዩም፣ ሱሉልታም ብዙ ድንበር ፈልጌአለሁ። ሜዳ ላይ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ዛፍ ውስጥ ግን ጂፒኤስ ይዘላብዳል። ስለዚህ ገላጣ ቦታ ላይ ካለ የታወቀ ነጥብ እንነሳለን። እኔ መሣሪያው ላይ ሆኜ አያለሁ፤ ረዳቴ መሣሪያዬ የሚያየው መስታወት ጫፉ ላይ ያለበትን የፕሪዝም ዘንግ ይዞ በየዛፉ መሀል ይገባል። ቅርንጫፍ ከከለለን እንቆርጣለን። አሮጌ የድንበር ድንጋይ ካገኘን ተመስገን ነው።

ሱሉልታ የገጠመኝን ልንገራችሁ። ያመለከቱት ጋሽ ታደሰ ነበሩ፤ አዲስ አበባ ውስጥ ዕድሜ ልካቸውን አውቶቡስ ነድተው፣ ጡረታ ሲወጡ እዚያ ቤት የሠሩ ሰው። ማመልከቻቸው "ጎረቤቴ ድንበሬን አልፋ ባሕር ዛፍ ይዛብኛለች" ይላል። ጎረቤታቸው አዴ ብሪቱ ሰባ ዓመት ያለፋቸው የአገሬው ባልቴት ናቸው፤ አዴ እዚያ አገር እንደ እማማ ነው። ባሕር ዛፉን የተከሉት ሟች ባለቤታቸው ናቸው። ጋሽ ታደሰ ግን ድንበሩ በተለየ ማግስት አጣና የሚቆርጡ ሰዎች እንዲመጡ ቀጠሮ ይዘው ነበር።

"አካም ቡልቴ ኢንተላኮ?" አሉኝ አዴ ብሪቱ፤ እንዴት አደርሽ ልጄ ማለታቸው ነው። ሰላምታዬን ሳልጨርስ ቀጠሉ። "እነዚህን ዛፎች ባሌ ነው የተከላቸው። ያንቺ መሣሪያ ይሄን ያውቃል?"

"መሣሪያው የሚያውቀው ድንበር ብቻ ነው፣ አዴ።"

"እንግዲያው ብዙም አያውቅም" አሉና ትተውን ሄዱ።

ረዳቴ አቶ ጴጥሮስ የወላይታ ሰው ነው፤ ጴንጤ፣ በዕድሜ የሚበልጠኝ፣ ለቀልድ እንኳ የማይዋሽ። በመጀመሪያው ቀን የላይኛውን የድንበር ድንጋይ ከደረቀ ቅጠል ሥር ቆፍሮ አወጣው። ከዚያ ተነስተን ቁልቁል ስንለካ መስመሩ የሚያልፍባቸውን አሥራ አንድ ዛፎች በቀይ ስፕሬይ ምልክት አደረግሁባቸው። የታችኛው ድንጋይ ቦታ ላይ ሳንደርስ ዝናብ አባረረን። ጋሽ ታደሰ ከአጥራቸው ጥግ ቆመው ምልክቶቹ ወዴት እንደሚያመሩ በዓይናቸው ሲከተሉ አይቻለሁ። ፊታቸው ልክ አልነበረም።

በማግስቱ ስንመለስ ጫካው በሙሉ ቀይ ነበር። ሳር የሚያህሉት ችግኞች እንኳ አልቀሩም። አቶ ጴጥሮስ "ኢየሱስ!" ብሎ ቆመ።

"እሷ ናት!" አሉ ጋሽ ታደሰ።

"እሱ ነው!" አሉ አዴ ብሪቱ።

ዞር ዞር ብዬ አየሁ። ሦስት ዓይነት ቀይ ነበር። አንደኛው የእኔ ስፕሬይ። ሁለተኛው ወፍራም የሚያብለጨልጭ የዘይት ቀለም፤ የጋሽ ታደሰ የግቢ በር የተቀባው በዚያ ነው። ሦስተኛው ወደ ቡናማ የሚሄድ አንቲረስት፣ የዝገት መከላከያው ቀለም፤ የአዴ ብሪቱ አዲሱ የቆርቆሮ በር ገና ከዚያ ውጪ ቀለም አልነካውም። የትናንቱ ነጥቦች በሙሉ መሣሪያው ውስጥ ስላሉ እንደገና ማውጣት ቀላል ነበር። እኔ ግን በጠዋቱ ሰይጣን ያዘኝ።

ማስታወሻዬን አወጣሁና ፊቴን አኮሳተርኩ። "ቀይ ዛፍ የድንበር ዛፍ ነው። የድንበር ዛፍ የማንም አይደለም፣ የመንግሥት ነው። ሁሉም ስለተቀባ ጫካው በሙሉ ለመንግሥት ገቢ ይሆናል። ሪፖርት ልጻፍ።"

አቶ ጴጥሮስ "ይቅር ይበልሽ እህቴ" ብሎ ፊቱን አዞረ።

መጀመሪያ የተሸነፉት አዴ ብሪቱ ናቸው። "እኔ የቀባሁት ከዚህ በታች ያለውን ብቻ ነው! እሱ ሁሉንም የራሱ ሊያደርግ ሲቀባ አይቼ ነው!"

ጋሽ ታደሰ አንገታቸውን ደፉ። "እኔ ደግሞ የላዩን ብቻ ነው" አሉ።

"በሉ ሁለታችሁም ፍቁ" ብዬ ላሜራና ነጭ ጋዝ አስመጣሁ። ጎን ለጎን ሆነው ሲፍቁ ረፋዱ አለፈ። እኛም በዚያው መስመሩን ጨረስን። የቀረው የታችኛው ማዕዘን ብቻ ነበር።

"ወደፊት ሁለት ሜትር" አልኩት አቶ ጴጥሮስን በሬዲዮ።

"አልችልም፤ በር ነው።"

"የምን በር?"

"የሽንት ቤት። የጋሽ ታደሰ።"

"ክፈተው።"

ሲያንኳኳ ሰማሁ። ቀጥሎ ከውስጥ "ሰው አለ!" የሚል ድምፅ መጣ። የጋሽ ታደሰ ድምፅ ነው። ዘወር ብዬ ባይ ሲፍቁበት የነበረው ዛፍ ሥር ላሜራው ብቻ ቀርቷል።

ወርጄ በሩ ላይ ቆምኩ። "ጋሼ፣ መቼ ይወጣሉ?"

"ሆዴን አሞኛል ልጄ። ለሌላ ቀን ይቆይ።"

አዴ ብሪቱ ነገሩ ገባቸው። ከቤታቸው ዱካ አመጡና በሩ ፊት ለፊት ተቀመጡ። "እኔ ሥራ የለኝም። እስኪሻለው እጠብቃለሁ።"

አንድ ሰዓት ያህል ቆዩ። በመካከሉ አዴ "አንተ ታደሰ፣ ውሃ ላምጣልህ?" እያሉ ይጠይቃሉ። በመጨረሻ በሩ ተከፈተ። ጋሽ ታደሰ ላብ በላብ ሆነው ወጡ። የድንበሩ ድንጋይ ከቦታው ሳይነሳ የሽንት ቤቱ የውስጥ ደረጃ ሆኖ ተለስኖበታል። የሽንት ቤቱ ከግማሽ በላይ፣ ከነጉድጓዱ፣ በአዴ ብሪቱ ይዞታ ላይ ነበር። ከባሕር ዛፉም ከጥግ ካሉት ሦስት ዛፎች በስተቀር ሁሉም የእሳቸው ሆነ።

ጋሽ ታደሰ ድምፃቸው ወረደ። "ግንበኛው ነው ያሳሳተኝ፣ እማማ። ቤቴ እንግዳ አለ፤ ዛሬ ላፈርሰው አልችልም።"

አዴ ብሪቱ ድንጋዩን አዩት። የሚያለቅሱ መስሎኝ ነበር። "ይሄን ድንጋይ ባሌና አባትህን የሚያህሉ አንድ ጎረቤታችን ናቸው ተሸክመው ያመጡት፤ አንተ ረገጥከው" አሉ። ጋሽ ታደሰ ጎንበስ ብለው ይቅርታ ጠየቁ፤ የአጣናውን ሰዎችም እዚያው ደውለው አስቀሩ።

"ሌላ እስክትቆፍር ተጠቀም" አሉ አዴ። "ግን የእኔ ግቢ ነው። በገባህ ቁጥር 'ቤቶች!' ብለህ ግባ።"

እንደ ቀልድ አልተወሰደም። ለሁለት ወር ያህል ጠዋት ጠዋት ጋሽ ታደሰ "ቤቶች!" ሲሉ፣ አዴ ብሪቱ ከወዲያ "ግባ!" ሲሉ ሰፈሩ ይሰማ ነበር። አዲሱ ጉድጓድ ሲቆፈር ለቆፋሪዎቹ ጠላ ያቀረቡት አዴ ናቸው።

እኔም አልተረፍኩም። የመንግሥት ዛፍ ወሬ ሰፈር ለሰፈር ዞሮ ሰዎች ጽሕፈት ቤት ድረስ እየመጡ "ድንበር ላይ ያለ ዛፋችን ተወሰደ ወይ?" ብለው ጠየቁ። የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ተጻፈብኝ፤ ይገባኛል። አቶ ጴጥሮስ "ነግሬሽ ነበር" አላለኝም፤ ጸለየልኝ፣ እሱ ባሰብኝ።

ከዚህ ሁሉ የተማርኩት ይህን ነው። ድንበር ከሁለቱም ወገን ይለካል። ያስለካ ሰው የራሱም ይለካበታል።