ሆን ተብሎ የተበላሸ ፊደል

የመመረቂያ ጽሑፌን ላቀርብ ሦስት ሳምንት ሲቀረኝ፣ ሊቅነቴን ለዘመድ ላሳይ ብዬ ጋይንት ገባሁ። አባቴ እዚያው ጋይንት፣ በቤተ ልሔም ደብር የድጓ ዜማ መምህር ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ተማሪ ሲፈትኑ የኖሩ። እኔ ደግሞ፣ ተመስገን ነው፣ ከዚህ ሁሉ ኋላቀርነት አምልጬ የገብስ ጂን የምመረምር ሳይንቲስት ነኝ።

"እስቲ ሥራሽን ንገሪኝ" አሉኝ።

ለሕፃን እንደማስረዳ ድምፄን አለሳልሼ ጀመርኩ። ማይክሮ አርኤንኤ የምትባል ቁራጭ አለች፤ ፊደሉ የሚገጥማት የጂን መልእክት ስታገኝ ላዩ ላይ ትቀመጥና ዝም ታሰኘዋለች። የትኛውን ጂን ዝም እንደምታሰኝ ኮምፒውተር ይገምታል፤ መገመት ምን ገዶት። ስለዚህ የተጠረጠረውን መልእክት ከምታበራ ጢንዚዛ ከተወሰደ ጂን ጋር ቀጥለን ሕዋስ ውስጥ እናስገባለን፤ ሕዋሱ ያበራል። ቁራጯ ስትጨመር ብርሃኑ ከደበዘዘ፣ ዒላማዋ ተገኘ። የእኔ ደብዝዟል። አማካሪዬም እንኳን ደስ ያለሽ ብለውኛል።

አባቴ ጠየቁኝ። "በሌላ ምክንያት ደብዝዞ ቢሆንስ?"

ፈገግ አልኩ። ምን ያድርጉ፣ ላቦራቶሪ አያውቁ!

"እኔ ተማሪ ስፈትን" አሉ፣ "ሆን ብዬ አንድ ፊደል አበላሽቼ አዜማለሁ። የገባው ያስቆመኛል፤ ያልገባው ከነስሕተቴ ይከተለኛል። አንቺስ ቁራጭሽ የምትቀመጥበትን ቦታ አበላሽተሽ አይተሻል? መቀመጫ ካጣች ብርሃኑ ሊመለስ አይገባም?"

ፈገግታዬ ፊቴ ላይ ደረቀ። ይህ ሙከራ በየመመሪያው ተጽፏል። እኔ ግን ውጤቱ ስላማረልኝ ጊዜ የለኝም ብዬ ዘልዬው ነበር።

ላቦራቶሪ ተመልሼ የቁራጯ መቀመጫ ላይ አራት ፊደል ቀየርኩ። ብርሃኑ አልተመለሰም። ደገምኩት፤ አሁንም እንደደበዘዘ ነው። ያደበዘዘው ሌላ ነገር ነበር ማለት ነው፤ ሁለት ዓመት ያሞካሸሁት ዒላማ ዒላማ አልነበረም። ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ከዚያ በአባቴ ተናደድኩ፤ በራስ ከመናደድ ይቀላል።

ለአማካሪዬ ውጤቱን ሳሳያቸው ከልባቸው አዘኑ። ምረቃዬ ለዓመት ሊተላለፍ ነው።

"ምነው ልጄ" አሉኝ፣ "ፈታኞቹ እኮ ይህን አይጠይቁሽም ነበር።"

"ተጠይቄያለሁ" አልኩና የማራዘሚያውን ቅጽ እንዲፈርሙልኝ አቀረብኩላቸው።