ሁለተኛ ያልተጠየቅነው ጉዞ

ባለፈው ቅዳሜ ሌክ ስትሪት ላይ ቡና ልገዛ ተሰልፌ ሳለሁ ከፊቴ የነበረችው ልጅ ማቻ የሚሉትን የጃፓን ሻይ በወተት አዘዘች። ሻጩ አረንጓዴውን ዱቄት ኩባያ ውስጥ ሲበትነው ሽታው መጣብኝ፤ ገና የታጨደ ሣር የመሰለ፣ ከሥሩ ምሬት ያለው ሽታ። በረዶ ጨመረበት፣ ሽሮፕ ጨመረበት፣ በፕላስቲክ ከድኖ በጥብጦ ሰጣት። ሚስስ ኖዳ ቢያዩ ምን ይሉ ነበር ብዬ አሰብኩ። ምንም አይሉም። ጣጣው ሁሉ የመጣው ምንም ስለማይሉ ነው።

ሴንት ፖል በተከራየነው ቤት እኛ ፎቁ ላይ፣ እሳቸው ምድር ቤቱ ነበሩ። ልጅ ሁሉ ጣቱ ላይ ስፒነር የሚሉትን መጫወቻ የሚያሽከረክርበት ዓመት ነው፤ እኔ አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር። እናቴ ኤርፖርት ዊልቸር ትገፋለች፤ ሽማግሌውን፣ አሮጊቷን፣ ዓይነ ስውሩን ከመግቢያው እስከ አውሮፕላኑ በር ታደርሳለች። ከትምህርት ቤት ስመለስ ቤት ሰው ስለሌለ፣ እሷ እስክትገባ ሚስስ ኖዳ ዘንድ እቆያለሁ። ቁመታቸው ከእኔ ብዙም አይበልጥም። ባላቸው ከሞቱ ቆይቷል፣ ልጅ የላቸውም። ዘመድ ቢባል ጃፓን፣ ኪዮቶ ያሉት ታላቅ እህታቸው ብቻ ናቸው።

የፊተኛው ክፍላቸው ሶፋም ቴሌቪዥንም የለው። ታታሚ የሚሉት ወፍራም የሣር ምንጣፍ ተነጥፎበታል፤ ዊንተር ላይ ሂተሩ ሲያሞቀው ጭድ ጭድ ይላል። እዚያ ላይ ተንበርክኬ እግሬ እስኪደነዝዝ እቀመጣለሁ። እሳቸው ከባዱን የብረት ማንቆርቆሪያ ይጥዱና አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ያዳምጣሉ። ውኃው ነፋስ የነካው ጥድ ዓይነት ድምፅ ሲያወጣ፣ "አሁን" ይላሉ። አረንጓዴውን የሻይ ዱቄት ከውኃው ጋር በቀርከሃ መምቻ መትተው አረፋ ሲያወጣ ጎድጓዳውን የሸክላ ሳህን ከፊቴ ያኖሩታል። በሁለት እጄ አነሳለሁ፤ ያማረው ፊቱ ከአፌ እንዲርቅ ሁለቴ አዞረዋለሁ። የመጨረሻዋን ጉንጭ ድምፅ እያሰማሁ መሳብ አለብኝ፤ ጨረስኩ ማለት ነው።

ቤት ገብቼ ሾርባዬን እንደዚያ ብስበው እናቴ በማንኪያ ጭንቅላቴን አለችኝ። "ሣር ቀቅለው ማጠጣታቸው ሳያንስ ነውርም ያስተምሩሽ ጀመር?"

አንዳንድ ቀን ሳህኑን ከፊቴ ሳይሆን ከጉልበቴ ጎን ራቅ አድርገው ያኖሩታል። ዝም ብዬ እጄን ዘርግቼ አነሳዋለሁ። ማዳመጡም፣ መዳሰሱም የሻይ ወግ ይመስለኝ ነበር። ልጅ ነኝ፣ ምን አውቃለሁ።

እናቴ ልትወስደኝ ስትመጣ ሁልጊዜ ሻይ ይጋብዟታል። እሷም ሁልጊዜ "አይ፣ ጠጥቼ ነው የመጣሁት" ትላለች። የእኛ ሰው መቼም የመጀመሪያውን ግብዣ አይቀበልም። እምቢ ይላል፣ ይለመናል፣ አሁንም እምቢ ይላል፤ "በሞቴ" ሲባል ነው እጁን የሚዘረጋው። ሚስስ ኖዳ ግን ጎንበስ ብለው በሩን ይከፍቱላታል። ደረጃውን ስንወጣ እናቴ፣ "ደግ ናቸው፣ መለመን ግን አያውቁም" ትላለች።

በረዶው ገና ከደጃፉ ሳይነሳ፣ አንድ ማክሰኞ እናቴን በቆመችበት፣ "በሚያዝያ ኪዮቶ እሄዳለሁ" አሏት። "እህቴ ሻይ የምታስተምርበትን ቤት ሜሮን ብታየው ደስ ይለኛል። ሁለት ሳምንት ነው። ቲኬቷ የእኔ ስጦታ ነው።"

እናቴ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ፣ "ኧረ አይሆንም ሚስስ ኖዳ፣ እንዴት እናስቸግርዎታለን" አለች።

"ገባኝ" አሉና ከወትሮው ዝቅ ብለው እጅ ነሱ።

ፎቅ ስንወጣ አለቀስኩ። እናቴ ሳቀችብኝ። "አንቺ ሞኝ፣ የምሬን እምቢ ያልኩ መሰለሽ? ደግመው ይጠይቁኝ የለ እንዴ።" በሳምንቱ ፎቶ አስነሳችኝና ፓስፖርት አፕላይ አደረግን። ኩን ራፒድስ ድረስ ሄዳ ቀይ ሻንጣ ገዝታ መጣች። ፓስፖርቱ ሲደርስ ሻንጣው ውስጥ ከተተችው። ሁለተኛውን ጥያቄ እየጠበቀች ነበር። ሚያዝያ ገባ፣ ግንቦት ገባ። ሚስስ ኖዳ አልሄዱም፣ ዳግመኛም አልጠየቁንም። እኔ ላንሳባቸው ስል፣ "አፍሽን ያዢ፣ ለማኝ ነው የሚሉን" ትለኛለች።

ሰኔ ላይ ራሷ አልቻለችም። ፓስፖርቴን ይዛ፣ እኔን አስከትላ ወረደች። "ያን ጊዜ እምቢ ማለቴ አልነበረም። በእኛ አገር እንደዚያ ይባላል" አለችና ሰጠቻቸው። አፍንጫቸውን እስኪነካ ወደ ዓይናቸው አስጠጉት። አላዩትም። በጣታቸው ሽፋኑ ላይ ያለውን ወርቃማ ጽሑፍ ዳሰሱት።

"እህቴ ባለፈው ወር ሞተች" አሉ። "እኔ የአውሮፕላን በር ቁጥር ማንበብ አልችልም። ሜሮን እያነበበችልኝ እደርሳለሁ ብዬ ነበር።"

እናቴ ጫማዋን እንኳን ሳታወልቅ ምንጣፉ ላይ ዘጭ አለች። "ታዲያ ለምን አልነገሩኝም? ሥራዬ እኮ ነው። የማላውቀውን ሰው ሁሉ ስገፋ ነው የምውለው።"

"ማስቸገር ሆነብኝ" አሉ።

እኛ ስጦታ ነው ብለን የተግደረደርንበት ነገር ለካ ልመና ኖሯል። ልመና ደግሞ ከሳቸው አፍ ሁለቴ አይወጣም። ሁለት ጨዋ ሴቶች በይሉኝታ ሲተያዩ አንዲት አሮጊት ኪዮቶ ላይ እህቷን እንደጠበቀች ሞተች። ዛሬም ሳስበው ያናድደኛል፤ በማን እንደምናደድ ግን አላውቅም።

ቆይተው ሻይ ትጠጣ እንደሆነ ጠየቋት። እናቴ "እሺ" አለች፣ ገና በመጀመሪያው። ውኃውን ሲቀዱ ሳህኑን ስተው ምንጣፉ ላይ አፈሰሱት። እናቴ እጃቸውን ይዛ ወደ ሳህኑ መራችው፣ እንባዋም ይወርድ ነበር። ሾርባ ሳብሽ ብላ የመታችኝ እናቴ የመጨረሻዋን ጉንጭ ድምፅ አሰምታ ሳበቻት። ደረጃውን ስንወጣ፣ "ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ" አለች።

በመስከረም የአረጋውያን መኖሪያ ገቡ፤ የፈረንጅ ገና ሳይደርስ ሞቱ። የቀርከሃ መምቻውን ለእኔ ትተውልኛል፤ ግማሹ ጥርሱ ተሰብሯል። ያ ፓስፖርት አንድ ማህተም ሳያርፍበት ጊዜው አለፈ። እናቴ ግን አልጣለችውም፤ ቀዩ ሻንጣ ውስጥ ነው።

እሷ አሁንም ኤርፖርት ናት። አንዳንዴ ከሥራ ልወስዳት ስሄድ ቆሜ አያታለሁ። ብቻውን ሰሌዳ ላይ ያፈጠጠ ሽማግሌ ካየች ጠጋ ብላ፣ ልርዳዎት ወይ ትላለች። አይ፣ ደህና ነኝ ይሏታል። እሺ ብላ ጥቂት እርምጃ ትሄድና ተመልሳ ትጠይቃቸዋለች።