አባቴ ማክሰኞ ማክሰኞ ይታከም ነበር

ሥራሽ ምንድን ነው ለሚሉኝ ዘመዶች «ኮምፒውተር ላይ ነው» ብዬ አልፋለሁ። ዝርዝሩን ብነግራቸው ማን ይሰማኛል! ሶዶ ቁጭ ብዬ ቀኑን ሙሉ የምታገለው ከጤና መድን አባላት ሲስተም ጋር ነው። ሰው ጤና ጣቢያ ሲሄድ ካርድ ክፍል ያለችው ልጅ ወረዳውን ትመርጣለች፤ በጃቫ የተጻፈው ኮዳችን ሰርቨሩን ጠይቆ የዚያን ወረዳ ቀበሌዎች ይደረድርላታል። ቀበሌውን ስትመርጥ አባወራዎቹ ይመጣሉ፣ አባወራውን ስትመርጥ የቤቱ ሰዎች። አንዱ ድሮፕዳውን፣ ሲነኩት የሚዘረጋው የምርጫ ዝርዝር፣ ሌላውን እየጠራ ይሞላል። ሲወራ ቀላል ነው።

ያን ሰሞን አቤቱታ የመጣው በመጨረሻው ዝርዝር ላይ ነው። ራቅ ባሉ ጤና ጣቢያዎች የቤቱ ሰዎች ቶሎ አይመጡም ተባለ። ልሞክረው ብዬ የራሴን ቤተሰብ መረጥኩ፤ ማን ማን መምጣት እንዳለበት አውቃለሁና። ወረዳችንን ነካሁ፣ በቤሌ መንገድ ያለውን ቀበሌያችንን ነካሁ፣ ከዚያ የአባቴን ስም።

አባቴ ከሞተ ቆይቷል። ስሙን ማግኘቴ አልገረመኝም። እናቴን እማወራ ብለው ሊጽፏት ሲመጡ «ቤቱ የእሱ ነው» ብላ መልሳቸዋለች። በእኛ አካባቢ እንደ እሷ ያሉ ሴቶች ዛሬም የማን ቤት ነሽ ሲባሉ የሚጠሩት የሟች ባላቸውን ስም ነው። የገረመኝ ከስሙ ጎን ያለው ነው። አባቴ ባለፈው ማክሰኞ ታክሟል።

ወደ ኋላ ሄጄ አየሁ። ከዚያ በፊት በነበረውም ማክሰኞ ታክሟል፣ ከዚያም በፊት። ሲስተሙ ሳይሰለች ዕድሜውን እየጨመረለት ነው። ክብደቱ ግን በየመጣበት ይቀንሳል። አፈር ሲለብስ ቆሜ ያየሁት ሰው እየከሳ ነበር። ውጭ ባጃጆች ይንጫጫሉ፣ ዳሞታ ተራራ ላይ ጠራራ ፀሐይ ወጥቷል፣ እኔ ግን ማውሱን ለቅቄ ወንበሬን ወደ ኋላ ገፋሁ። ፈራሁ፤ ምን ያሳፍራል፣ ማንም ይፈራል።

አጠገቤ የምትቀመጠው ባልደረባዬ ከጎጃም ተመድባ የመጣች፣ ለምንም ነገር መልስ የማታጣ ሴት ናት። ስክሪኔን አየችና ሳቀች። «አንዱ ሞላጫ በአባትሽ ስም እየታከመ ነው። ሟች ብለሽ ዝጊውና ይረፍ! ከዚያ ወዲያ ማን መድኃኒት ይሰጠዋል?»

«ሟች» የሚለው ምርጫ እዚያው ነበር፣ በሌላ ድሮፕዳውን ውስጥ፣ «በሕይወት ያለ» ከሚለው ሥር። ልነካው ብዬ ተውኩት። ማንም ይሁን ማን፣ ይሄ ሰው የምር እየከሳ ነው፤ መድኃኒቱ ቢቋረጥበትስ? ደግሞም አባቴን አንድ ጊዜ ቀብሬዋለሁ፣ ሁለተኛ በገዛ እጄ መቅበር አልፈለግኩም።

እናቴ ጋ ደወልኩ። «ደህና ነኝ፣ አንቺ ብቻ ብዪ» አለችኝ እንደ ሁልጊዜዋ። «ከጓሮ የቆፈርኩት ቦዬ አለ፣ ልላክልሽ?» አባባ ማክሰኞ ማክሰኞ ሐኪም ቤት ይሄዳል ብዬ እንዴት ልንገራት? እሺ ላኪልኝ ብዬ ዘጋሁ።

ማክሰኞ በጠዋት ሚኒባስ ይዤ አባቴ ታከመበት ወደተባለው ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ግቢው ሰው ሞልቶ ነበር። ከሶዶ ሲስተሙን ለማየት ነው የመጣሁት ብዬ ከካርድ ክፍሏ ልጅ ጎን ቆምኩ። አባወራውን ትመርጣለች፣ የቤቱ ሰዎች ዝርዝር ባዶውን ይቀራል፣ ያቺ ክብ ነገር ትሽከረከራለች። መስኮቱ ላይ ሰው ይጋፋል። ልጅቷ ጥቂት ጠብቃ ባዶውን እንዳለ አስገባችው።

«ሳትመርጪ?» አልኳት።

«ምን ላድርግ እህቴ፣ ኔትወርኩ አይመጣም! ሲስተሙ ራሱ አባወራውን ይዞ ያልፋል።»

ከእኔ በፊት የነበረ ሰው ኮዱን እንዲያ ብሎ እንደጻፈው ያን ጊዜ ገባኝ፤ አባል ካልተመረጠ አባወራውን ያዝ።

«ታዲያ በሽተኛው በማን ስም ይጠራል?»

«በወጣው ስም ነዋ። ሰው የቤቱን ስም ያውቃል፣ ተነስቶ ይገባል።»

እኛ ቤት የቀረው ሰው አንድ ብቻ ነው። ዞር ሳልል ነርሷ በሩ ላይ ብቅ አለችና የአባቴን ስም ከነአያቴ ጮክ ብላ ጠራች።

«አቤት» አለ ከአግዳሚው ላይ የሴት ድምፅ።

እናቴ ናት። ግድግዳውን ተደግፋ ተነሳች። ነጠላዋ ትከሻዋ ላይ አልቆም ብሎ ይንሸራተታል፣ አንገቷ ቀጥኗል። በስልክ ደህና ነኝ የምትለኝ ሴት እሷ ነች። ሮጬ ክንዷን ያዝኩ፤ ጣቶቼ ዙሪያውን ገጠሙ። ሰው እያየኝ አለቀስኩ።

«አንቺን ደግሞ ማን ነገረሽ?» አለችኝ በወላይትኛ፣ ተቆጥታ።

«አባባ» አልኳት።

ቁጣዋ ጠፋ፤ ክብደቷን ሁሉ እኔ ላይ ጣለች። ነርሷ ያልሰማናት መስሏት የአባቴን ስም ደግማ ጠራች። ሁለታችንም አቤት ብለን ገባን።