ቢቸናና ሞጣ ጎን ለጎን አልገጥም ያሉበት ግድግዳ

ባለፈው ሐሙስ ረፋድ ላይ ከሞጣ የመጣ አይሱዙ ደጃችን ቆሞ ብሎኬት አራገፈ። የልጅ ልጄ ማስተዋል አንዱን አነሳችና እዚሁ ቢቸና ከሠራችው ጋር ልታገጣጥመው ሞከረች... እምቢ አላት። ሌላ አነሳች። እሱም እምቢ።

እኔ ደጅ ካለችው ግንዴ ላይ እንደተቀመጥኩ «ሽማግሌ እንላክባቸው እንዴ?» አልኳት። አልሳቀችም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ይቺ ልጅ ትምህርቷን ጨርሳ ስትመጣ ራሷ የነደፈችውን ብሎኬት ይዛ መጣች። አፈርና ትንሽ ሲሚንቶ በብረት ሞልድ ይጠቀጠቃል። አንዱ ጫፉ ምላስ አለው፣ ሌላው ጎድጓዳ ነው፤ ምላሱን ወንድ፣ ጎድጓዳውን ሴት ይሉታል። አንዱ ሌላው ውስጥ እየገባ ያለ ምርጊት ግድግዳ ይሆናል። ደግሞ እያንዳንዱ ጎበጥ ያለ ነውና ዙሪያውን ሲያያዝ ክብ ቤት ይወጣዋል።

እኔም «ያለ ምርጊት ቤት ከቆመልሽ ይሄ የምቀመጥበት ደጅ መሥሪያ ቦታ ይሁንሽ። ካልቆመ ጭቃሽን ትተሽ ባሕር ዳር ሥራ ትፈልጊያለሽ» ብያት ነበር። እሺ አለች። ከዚያ ወዲህ ግንዴን በዓይኗ ስትለካት አያታለሁ።

ብቻዋን ስለማትደርስ ግማሹን ሞጣ ያለ በያጅ እንዲሠራላት ንድፉን በቴሌግራም ላከችለት። ልጁ ዲያቆንም ነው። ሞልዱን ሊበይድ ሲል ደወለ። የእሷ እጅ ጭቃ ነበርና ስልኩን ያነሳሁት እኔ ነኝ።

«አባቴ፣ ጉብታው ወደ እኔ ሲሆን ወንዱ በየት በኩል ነው?»

ጨዋታ አማረኝ። «ዲያቆን ሆነህ ይሄን ትጠይቃለህ? ወንድና ሴት ቤተክርስቲያን እንደሚቆሙት ነዋ» አልኩት።

«ገባኝ» ብሎ ዘጋው።

ያልኩትም ልክ ነበር። ከበር ስገባ ወንዶች በግራዬ ናቸው። በንድፉም ወንዱ በግራ ነው።

እንግዲህ ሐሙስ ዕለት ማስተዋል ደወለችለት። «ወንዱን በቀኝ አድርገኸዋል እኮ!»

«አባቴ እንደ ቤተክርስቲያን ነው አሉኝ። እኔ ደግሞ ከመቅደስ ወጥቼ ወደ ሕዝቡ ስዞር ወንዶቹ በቀኜ ናቸው።»

ማስተዋል ዞራ አየችኝ። እኔ ዝናብ ይመጣ እንደሆን ሰማዩን አየሁ።

«አዙረሽ አስገቢዋ» አልኳት። አዞረችው፣ ገባ። ግን ጉብታው ወደ ውስጥ ዞረና ግድግዳው እንደ እባብ ተጥመለመለ። ባለቤቴ እናኑ ብቅ ብላ «ቤቱ ከመቼው ሰከረ?» አለች። እናኑ የሞጣ ልጅ ናት፤ ምላሷም ከዚያው የመጣ ነው።

«በይ ለባሕር ዳር ስንቅ ቋጥሪላት» አልኳት። ማስተዋል መሬት ላይ ዘፍ አለች። ያኔ ነው የገባኝ... ልጅቱ በእኔ ቀልድ ልትሄድ ነው።

ትንሽ ቆይታ የሞጣውን ከሞጣው ጋር ገጠመችው። እሺ አለ። «እርስ በርሳቸውማ ይግባባሉ» አለች ለራሷ። ከዚያ የብሎኬቱን አናት ደባበሰችው። ላይኛውን ከታችኛው የሚያይዘው ጉጥ መሐሉ ላይ ነው፤ ክብ ነው፤ ግራና ቀኝ አያውቅም።

አንድ ዙር በቢቸናው ሞላች። በላዩ አንድ ዙር በሞጣው። እንደገና ቢቸና፣ እንደገና ሞጣ... ቅዳሜ ግድግዳው ቁመቴን አለፈ። በትከሻዬ ገፋሁት። በከዘራዬም ወዘወዝኩት። ንቅንቅ አላለም።

«ጎን ለጎን እምቢ ያለ እንዴት ተደራርቦ ይስማማል?» አልኩ።

እናኑ ቀና ብላ የመጨረሻውን ዙር አየች። «ሞጣን ከላይ አድርጋው ነዋ። እኔስ ይሄን ሁሉ ዘመን ቤትህን ያቆምኩት እንዴት መስሎህ?»

ይሄን የምጽፍላችሁ ጓሮ ሆኜ ነው... ግንዴን ይዤ ተዛውሬያለሁ።